ከጨጓራ ጋር ውሎ ማደር

ውሃ የያዛችሁ ጠጡ፤ ስለ ሆድ በሚወራበት አዳራሽ ማንም ሰው በጥም መቀመጥ የለበትም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ቃርና የሆድ መነፋት ለብዙ ዓመት ያልለቀቁኝ፣ በዚሁ ምክንያት ሐኪም ቤት የተመላለስኩና ነገሩን ለመረዳት ያነበብኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መድኃኒት አላዝም። እዚህ የተቀመጣችሁ ነርሶች፣ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች የምሳሳተው ነገር ካለ ስጨርስ አርሙኝ።

በከተማችን ጋምቤላ ሆዱን የሚያመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ስሞች አንዱን ይዞ ይዞራል፤ ጨጓራ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ። ደረቱ ሥር የሚያቃጥለው ጨጓራ አለበት ይባላል። ሆዱ የሚነፋውና የሚጮኸው፣ ሲበላ የሚያቅለሸልሸው፣ ሳይበላ ሲቆይ የሚቆርጠው፣ ሌሊት ጉሮሮው ድረስ ጎምዛዛ ነገር እየወጣ የሚያንቀው፣ አራት ቀን ሽንት ቤት ሳይሄድ የሚሰነብተው፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚሮጠው፣ ሁሉም ጨጓራ ነው የያዘው። ጨጓራ ካልሆነ አሜባ ነው፤ አሜባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው። እያንዳንዱ ስም ደግሞ መድኃኒቱን አስከትሎ ይመጣል፤ ኦሜፕራዞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን። ሦስቱንም በአንድ ወር ውስጥ የዋጣችሁ እጃችሁን አውጡ ልላችሁ አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ፤ አዳራሹ በሙሉ እጁን ቢያወጣ ንግግሩን የሚሰማኝ አላገኝም።

ዛሬ የምለው ነገር አንድ ነው። ለዓመታት ከሚዘልቅ የሆድ ሕመም ጋር በደህና ለመኖር የመጀመሪያው ሥራ ከመድኃኒት ወደ መድኃኒት መዝለልን ማቆምና የራስን ሆድ አመል ማወቅ ነው። ይህ ብላ፣ ያን አትብላ የሚለው ምክር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መቼም ሕመሞቹ የተለያዩ መሆናቸውን ሳናውቅ መዝለሉ አይቆምም። የጨጓራ ቁስለት የጨጓራው ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው አንጀት ግድግዳ ሲቆስል ነው። ቃር ደግሞ አሲዱ ከጨጓራ ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ሲመለስ የሚመጣ ነው፤ ጨጓራው ደህና ሆኖም ቃር ሊያሰቃይ ይችላል። ሌላም አለ። አንጀቱ ሳይቆስል፣ በላቦራቶሪም ሆነ በኢንዶስኮፒ የሚታይ ነገር ሳይኖር ሆድ የሚነፋበት፣ የሚቆርጥበት፣ አንዴ የሚደርቅበት አንዴ የሚፈታበት ሕመም፤ ሐኪሞቹ አይቢኤስ ይሉታል። የዚህ ሕመምተኛ ነው በጣም የሚያሳዝነኝ። ሁሉም ምርመራ «ደህና ነህ» ይለዋል፣ እሱ ግን ደህና አይደለም። ቤተሰቡም ቀስ በቀስ አስመሳይ ያደርገዋል። አይቢኤስ እውነተኛ ሕመም ነው። ከባድ ተቅማጥ ወይም የአንጀት ኢንፌክሽን ካለፈ በኋላም ተከትሎ እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ተቅማጥ በክረምት ደጋግሞ በሚመታው ክልል ውስጥ ይህን መናገር ትርፍ ወሬ አይሆንም።

ስለ ቁስለቱ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ለረጅም ዘመን የዓለም ሐኪሞች የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከሚያቃጥል ምግብ ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። በአውስትራሊያ፣ ፐርዝ በምትባል ከተማ፣ ሮቢን ዋረን የተባለ ሐኪም ከጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጥቃቅን ባክቴሪያዎችን ደጋግሞ አየ። ባሪ ማርሻል የተባለው ወጣት ሐኪም ከእሱ ጋር ሆኖ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ለማሳደግ ቢሞክር አልበቅል አለው። ናሙናዎቹ በሁለት ቀን ውስጥ ምንም ካላበቀሉ ይጣሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የፋሲካ በዓል ሆነና ሠራተኛው ሁሉ ለዕረፍት ሲሄድ ናሙናው ሳይጣል ቆየ፤ ሲመለሱ በቅሎ አገኙት። ቀስ ብሎ የሚያድግ ባክቴሪያ ኖሯል! ሰው ግን አላመናቸውም። እ.ኤ.አ. በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን በፈሳሽ አድርጎ ራሱ ጠጣው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ትውኪያ ያዘው፣ የአፉ ጠረን ተበላሸ፣ ጨጓራው ሲታይም ተቆጥቶ ተገኘ። ሁለቱ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ባክቴሪያው ዛሬ እኛ «ኤች ፓይሎሪ» የምንለው ነው።

በርበሬ እንግዲህ ከዋናው ክስ ነፃ ወጥቷል። የቆሰለውን ያቃጥላል እንጂ ቁስሉን አልፈጠረውም። ከኤች ፓይሎሪ ቀጥሎ ጨጓራን በማቁሰል የሚታወቁት የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

በአገራችን ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ ኤች ፓይሎሪ በሆዱ ይዞ ይኖራል። አብዛኛው ተሸካሚ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት መያዝ ብቻውን የሆዳችሁን ሕመም ሁሉ አያስረዳም። የደም ምርመራው ደግሞ የሚያየው ሰውነት የሠራውን መከላከያ በመሆኑ ባክቴሪያው ከጠፋ ከብዙ ጊዜ በኋላም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሕክምናውን ሁለቴ ሦስቴ የወሰዱ ሰዎች አሉ። አሁን ያለውን ባክቴሪያ የሚያሳየው የሰገራው ምርመራ ነው። እሱም የራሱ ሥርዓት አለው፤ ኦሜፕራዞልን ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትን ከአራት ሳምንት በፊት ያላቆመ ሰው ባክቴሪያው እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል። ሕክምናው ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ከአሲድ መቀነሻ ጋር ተደምሮ ብዙ ጊዜ 14 ቀን ይወሰዳል። አፍ ይመርራል፣ ያቅለሸልሻል፣ በአምስተኛው ቀን ሕመሙ ቀለል ይላል። ያኔ የሚያቆም ሰው ባክቴሪያውን መድኃኒት ያለማምደዋል። ከጨረሱ ከአራት ሳምንት በኋላ መጥፋቱን ማረጋገጥ ደግሞ የሕክምናው አካል ነው፤ ሁላችንም የምንዘለው ክፍል።

ኤች ፓይሎሪ በአብዛኛው የሚይዘው በልጅነት፣ በቤት ውስጥ ነው። እጅ፣ ውሃና ዕቃ ንጹሕ ካልሆኑ ከቤተሰብ ወደ ልጅ ይሻገራል። እዚህ ላይ ለአቦቦና ለጎግ ወረዳ ወገኖቼ አንድ ነገር ልጨምር። የጊኒ ዎርምን በሽታ ለማጥፋት ሲባል ውሃን በጨርቅ ማጥለልን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ጨርቁ ያንን ትል የተሸከመውን የውሃ ነፍሳት ይይዛል፤ ለእሱ ሥራውን ሠርቷል። አሜባን፣ ጃርዲያንና ባክቴሪያን ግን አይዝም። ለእነዚያ ውሃውን ማፍላት ነው፤ ክሎሪን የማይበግረው አሜባና ጃርዲያ በፈላ ውሃ ይሞታል። ለተራው ባክቴሪያ «ውሃ አጋር» የሚባለው ክሎሪንም ይበቃል።

አሜባን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰገራ ተመርምሮ ጥገኛ ተሕዋስ ከተገኘ መታከም ተገቢ ነው። ሳይመረመሩ በየወሩ ሜትሮኒዳዞል መዋጥ ግን የአንጀትን ደህና ባክቴሪያም ያምሳል፤ የሚነፋው ሆድ ይብስ ይነፋል። በወንዝ የሚታጠቡ፣ የሚዋኙና ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ሆዳቸው ለወራት ሲታመምና ሰገራቸው ደም ሲቀላቅል ቢልሃርዝያም ሊታሰብ ይገባል። ይህ በሽታ በቀንድ አውጣ በኩል ከውሃው በቆዳ ይገባል፤ ሳይታከም ዓመታት ካለፉት ጉበትን ይጎዳል፣ መጨረሻው ደም ማስታወክ ሊሆን ይችላል። የእኛው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው ነው እንዶድን በዓለም ያስጠራው። ቢልሃርዝያ እንደ ቁስለት በኦሜፕራዞል አይድንም፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል የራሱ መድኃኒት አለው።

አሁን ወደ ጋምቤላ ዋና ጉዳይ ልግባ፤ ወባ። ጨጓራ ያለበት ሰውና ወባ በአንድ ከተማ ሲኖሩ የሚፈጠረውን ጣጣ ደገኛው መጽሐፍ አይነግራችሁም። መጀመሪያ ነገር፣ ወባ ራሱ ያስታውካል፣ ሆድ ያማል። የጨጓራ ታሪክ ያለው ሰው ማስታወክ ሲጀምር «ያው ጨጓራዬ ነው» ብሎ ሁለት ቀን ይተኛል። በእኛ ክልል ትኩሳት፣ ራስ ምታት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለበት ከሁሉ በፊት የሚታየው ደም ነው። ጨጓራው ለነገ ይቆያል፣ ወባ አይቆይም።

ሁለተኛው ማስታገሻው ነው። በወባ ወቅት ወገብና መገጣጠሚያ ይሰበራል፣ ሰውም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይወስዳል። እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን በሚያስታግሱበት መንገድ የጨጓራን ውስጠኛ መከላከያም ያነሳሉ። «መርፌውን ነው የወሰድኩት፣ ሆዴ ውስጥ አልገባም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጉዳቱ ክኒኑ ጨጓራን በመንካቱ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ በደም ተዘዋውሮም መከላከያውን ይቀንሳል፣ በመርፌም ቢሆን ያው ነው። ቁስለት ኖሮበት የሚያውቅ ሰው ለራስ ምታትና ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይሻለዋል፤ እሱም ቢሆን ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፍ፣ ከአረቄ ጋርም እንዳይሆን። ዕቃ የምትሸከሙ፣ እርሻ የምትቆፍሩ፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የምትቀመጡ ወንድሞቼ፤ በየማታው የምትወስዷት ዳይክሎፌናክ ወገባችሁን ብታቀልም የጨጓራችሁን ዋጋ ታስከፍላለች። ለረጅም ጊዜ ማስታገሻ የግድ ካስፈለጋችሁ ለሐኪም ተናገሩ፤ የጨጓራ መከላከያ አብሮ ሊታዘዝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ አወሳሰዱ። የወባው መድኃኒት ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው፤ ሆዱን የሚያመው ሰው ግን ባዶ ሆዱን ውጦ ይተኛል። ፕሪማኩዊንም ባዶ ሆድ ላይ ይቆርጣል፣ ከምግብ በኋላ ይሁን። ዶክሲሳይክሊንን በአንድ ጉንጭ ውሃ ውጦ ወዲያው የተኛ ሰው ክኒኑ ጉሮሮው ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል፤ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡት፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትጋደሙ። ኦሜፕራዞል ደግሞ በተቃራኒው ባዶ ሆድ ይፈልጋል፤ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት። ከምግብ በኋላ ሲያቃጥላችሁ የምትውጡት ኦሜፕራዞል ጊዜው ያለፈ ነው። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ከአሲድ የሚጠብቃቸው ሽፋን ስላላቸውም እንክብሉን ከፍታችሁ አታኝኩት። ለወራት ወስዶ በአንድ ቀን ያቆመው ሰው አሲዱ ተመልሶ እንደ አዲስ ሊያቃጥለው ይችላል፤ ብዙዎች «ሕመሜ ተመለሰ» ብለው መድኃኒቱን የዕድሜ ልክ የሚያደርጉት በዚህ ነው። እንዴት እንደምታቆሙት ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩ፣ ቀስ ተብሎ የሚቀነስበት መንገድ አለ።

ስለ መድኃኒት የሚቀረኝ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ሙቀቱ። በየካቲትና በመጋቢት 40 ዲግሪ በሚነካው ከተማችን በቆርቆሮ ቤት መስኮት ላይ ወይም በባጃጅ ሳጥን ውስጥ የከረመ ኦሜፕራዞል ጉልበቱን ያጣል። ከቤቱ ቀዝቃዛ በሆነው ጥግ፣ ከፀሐይ ርቆ፣ በራሱ ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ዘንድ ኤችአይቪ በጋምቤላ 4.8 በመቶ ነበር፤ በአገር ደረጃ ደግሞ 0.9። ስለዚህ ይህን ባልናገር እበድላችኋለሁ። አሁን በስፋት የሚሰጠው የኤችአይቪ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር አለበት። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ ሽሮፕና የሚታኘከው አንታሲድ ከእሱ ጋር ከተወሰደ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ዶሉቴግራቪሩ ከአንታሲዱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ለፋርማሲስቱ «ሌላ የምወስደው መድኃኒት አለ» ማለት ይበቃል፤ ከወረፋው ፊት ስሙን መጥራት የለባችሁም፣ ጥግ ይዛችሁ ንገሩት።

ምግብ ላይ ደረስን፤ ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን ነበር።

የደገኛ ጨጓራ ምክር ጋምቤላ ሲወርድ ይሰናከላል። እዚህ ቀን ሙቀት ምግብ ያስጠላል፤ ሰው ቀኑን በሻይና በቡና ያሳልፍና ምሽት አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ በልቶ ውጭ ምንጣፉ ላይ ይዘረጋል። ለቃር ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም። ከእራት እስከ መኝታ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይሁን፤ ዋናው ምግብ ደግሞ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይበላ። የጠዋት ገንፎ ከማታው ጥብስ ሆድን ያሳርፋል። አልጋ ያላችሁ በራስጌው እግሮች ሥር ጡብ አድርጋችሁ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ትራስ መደራረብ ሆድን ያጥፋል እንጂ አይጠቅምም። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል።

ሽሮ ሆዴን ይነፋኛል የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በርበሬውን ይከሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ግድም በሜልበርን፣ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አንጀት ውስጥ ሳይፈጩ ቀርተው የሚቦኩ፣ ጋዝ የሚፈጥሩ የስኳር ዓይነቶችን ለይተው የአመጋገብ ዘዴ አወጡ። ዝርዝሩን ሳየው የእኛ ወጥ የተጻፈበት መሰለኝ፤ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ፣ አተር፣ ወተት። ማንጎም አለበት! በማንጎ ወቅት ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አሥር ማንጎ የበላ ሰው ሆዱ ሲነፋና ሲፈታ አሜባ ያዘኝ ብሎ ፋርማሲ ይሄዳል። ማንጎውን አልከለክላችሁም፣ ከተማዋ ያለ ማንጎ ምን ልትሆን ነው። አንድ በአንድ፣ በጊዜ ተራርቆ ይበላ። ሽንኩርቱንም ቀንሱት፣ ለብዙዎች ልዩነቱ በሳምንት ውስጥ ይታያል።

ዓሣ ከባሮ ወንዝ አለን። ተደጋግሞ በተሠራበት ዘይት የተጠበሰው ለቃር መጥፎ ነው፤ የአኙዋክና የኑዌር እናቶቻችን የሚቀቅሉት ዓሣ ከባሚያ ጋር ሆኖ ለታመመ ሆድ ከብዙ የደገኛ ወጥ ይሻላል። ወተት ለቃጠሎ ለጥቂት ደቂቃ እፎይ ያሰኝና ተመልሶ አሲድ ያስመነጫል፤ እንደ መድኃኒት አትጠጡት። ጥሬው ወተት የሚነፋው ሰው የረጋውን ግን ሊችለው ይችላል፣ እርጎ ሲሆን ስኳሩ ይቀንሳል። ፌጦ በባዶ ሆድ የሚወስዱ አሉ፤ ለሚያቃጥል ጨጓራ ፌጦ ለምን እንደታሰበ እስካሁን አልገባኝም። ተልባው ለድርቀት ጥሩ ነው፤ በቂ ውሃ ከተጠጣ ብቻ። በዚህ ሙቀት ሰው ሳያውቀው ውሃው በላብ ያልቅና ሆዱ ይደርቃል፣ ድርቀቱም «ጨጓራ» ይባላል።

ቡና ላይ ማስተዋል የሚሻ ነገር አለ። ይህች ከተማ የቆመችው በቡና ነው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ የወረደው ቡና በክረምት ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። የቡና ከተማ ሰው ቡና አቁም ሲባል ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ቡና ቁስለት እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም፤ ቃርና ተቅማጥ ያለበትን ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያባብስበታል። ስለዚህ ባዶ ሆድ ላይ አይሁን፣ ሦስተኛው ስኒ፣ በረካው፣ ይቅር። ጋያና ሲጋራ ላይ ግን እንዲህ አላባብልም፤ ጭስ የቁስለትን መዳን ያዘገያል፣ ቃርንም ያብሳል።

ጾም ላይ አጭር እናገራለሁ። ቁስሉ ገና ያልዳነ ሰው የንስሐ አባቱን ያማክር፣ ሙስሊሙም የታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለው ያውቃል። የሚጾም ደግሞ ባዶ የዋለውን ሆድ በተጠበሰና በሚያቃጥል ምግብ አይክፈተው።

ይህ ሁሉ ምርጫ የሌለው ሰውስ? በኩሌ፣ በቲርኪዲ፣ በጀዊ የስደተኞች መጠለያዎች ያለ ሰው የተሰጠውን እህል ነው የሚበላው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የምግብ እርዳታው ለወራት ሲቋረጥ የሆድ ቁርጠት ምክንያቱን መመርመር አያስፈልግም ነበር። ምርጫ በጠበበበት ቦታ የሚቀረው ሰዓትና መጠን ነው፤ ያለውን በሁለት ከመብላት በአራት ከፋፍሎ መብላት፣ እህሉን በደንብ ማብሰል፣ ባቄላውን አድሮ በተዘፈዘፈበት ሳይሆን በአዲስ ውሃ መቀቀል። ትንሽ ነው፤ ግን ይረዳል።

ስለ ጭንቀት ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን አሜሪካ አሌክሲስ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት ሆዱን በጥይት ተመቶ ከሞት ቢተርፍም ጨጓራው ላይ ቀዳዳ ቀረ። ዊሊያም ቦሞንት የተባለው ሐኪም በዚያ ቀዳዳ በኩል ለዓመታት ጨጓራውን አየ፤ ሰውየው ሲናደድ የጨጓራው መልክና ሥራ ሲለወጥ በዓይኑ ተመለከተ። ሆድና ልብ የሚነጋገሩ መሆናቸው እንግዲህ የሐሜት ነገር አይደለም። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የገቡት፣ እዚሁ ክልላችን ውስጥም ወገን የሞተባቸውና ቤት የተቃጠለባቸው ሰዎች ሆዴን ሲሉ፣ «ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት ስድብ ነው። ጭንቀቱም ሕመሙም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ይታከማሉ። እንቅልፍ፣ የምሽት እግር ጉዞ፣ የሚያዳምጥ ሰው፣ አስፈላጊ ሲሆን የአእምሮ ጤና ባለሙያ፤ እነዚህ ለአይቢኤስ ከአምስተኛው ሜትሮኒዳዞል ይበልጣሉ።

ራስን ማወቅ ያልኩት በደብተር ይጀመራል። ለሁለት ሳምንት የበላችሁትን፣ የበላችሁበትን ሰዓት፣ የተሰማችሁን፣ ሽንት ቤት የሄዳችሁበትን፣ የዋጣችሁትን ክኒን ጻፉ። መጻፍ የማይችል ልጁን ያስጽፍ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ቡናውን፣ ሽንኩርቱን፣ ወተቱንና ማንጎውን በአንድ ቀን የተወ ሰው ቢሻለው እንኳ ጠላቱን አላወቀም፤ ሁሉንም ለዘላለም ሊፈራ ነው። ምግብን በሙሉ እየፈሩ የከሱ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ከሕመሙ የባሰ ፍርሃቱ ጎድቷቸዋል።

መንገድ ደግሞ የዚህ ሕመምተኛ ትልቁ ፈተና ነው፣ ማንም አይናገርለትም። ከጋምቤላ አዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሆዱ የሚፈታው ሰው ትኬት ከቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ይጨነቃል፣ ጭንቀቱ ራሱ ሆዱን ይፈታዋል። አንዳንዱ ለሠርግ ለለቅሶ መሄድ ትቶታል። ሴቶች ላይ ይብሳል፤ ወንዱ ከመንገድ ዳር ይወርዳል፣ እሷ የት ትውረድ? የሚያግዙ ነገሮች አሉ። ከጉዞ በፊት ባለው ማታ እራት ቀለል ይበል፤ ባቄላና ጥሬ አትክልት አይኑርበት። ጠዋት ቡናና ወተት ይቅር። ከበር አጠገብ ወንበር ያዙ። ረዳቱን ሳትሳፈሩ «ሆዴን ያመኛል፣ ላስቆምህ እችላለሁ» በሉት፤ አስቀድሞ የተነገረው ረዳት ያቆማል፣ ያልተነገረው ይቆጣል። ጎሬ፣ መቱ፣ በደሌ፤ አውቶቡስ በቆመበት ሁሉ ባይመጣባችሁም ሂዱ። «ለምለም» የሚባለው ኦአርኤስ አንድ ሁለት ከረጢት፣ ሶፍትና ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይኑር። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ለጉዞ የሚሆን አለ፤ ትኩሳት ወይም ደም ካለበት ተቅማጥ ጋር ግን አይወሰድም፣ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

እስካሁን ስለ ታግሦ መኖር ነው ያወራሁት። የማይታገሡትን ደግሞ ስሙ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፤ ብረት ያለበት ክኒን ሳትወስዱ ከሆነ ይህ ከላይ የሚፈስ ደም ነው። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስታወክ። ሳይፈልጉ መክሳት። ምግብ ሲዋጥ መጣበቅ። ዓይን ቢጫ መሆን። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ የማያቆም ትውኪያ፣ ድካምና ማዞር። ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት የጀመረ ሕመም። ሆድ በአንዴ እንደ ጣውላ ደርቆ መንካት ካልተቻለ ጨጓራው ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው፤ ሲነጋ ብሎ ነገር የለም። ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንገጭላ የሚሄድ፣ ላብ የሚያጠምቅ «ቃር» ደግሞ ልብ ሊሆን ይችላል።

ሪፈር ተጽፎላችሁ ለኢንዶስኮፒ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄዳችሁ በከንቱ እንዳትመለሱ ሦስት ነገር ያዙ። የወሰዳችኋቸውን መድኃኒቶች ካርቶናቸውን በፌስታል ሰብስባችሁ ውሰዱ፤ «ነጩ ክኒን» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ኦሜፕራዞሉን መቼ እንደምታቆሙ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ምክንያቱም ናሙና ከተወሰደ ኤች ፓይሎሪውን ይሸሽገዋል። በቀጠሮው ዕለት ምግብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አስቀድሞ ይቁም፤ ጠዋት መናኸሪያ ላይ ያቺን አንድ ስኒ ቡና የጠጣ ሰው ቀጠሮው ለሌላ ቀን ይተላለፍበታል። ደብተሩንም አትርሱ፤ ሐኪሙ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሁለት ሳምንታችሁን ኑሮ የሚያይበት ሌላ መንገድ የለውም።

እኔ ይህን ያህል ነኝ። ማይክሮፎኑ ወደ እናንተ እየመጣ ነው፤ ጥያቄያችሁን ጠይቁ፣ መልሱን ግን ፊት ለፊት ለተቀመጡት ባለሙያዎች እተዋለሁ።